ብርቅዬ ዓሣና እንግዳ እንስሳ ወደ ጎንደር ማስገባት፦ አራቱ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ጎንደር ላይ የዓሣ ገንዳ የሚያሰናዳ ሰው፣ ለሆቴሉ እንግዳ መቀበያም ይሁን ለልጆቹ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ነው?» ብሎ ነው። ዋጋው ግን ኋላ የሚመጣ ነገር ነው። በመጠንም በመልክም ከሚመሳሰሉ ሁለት ዓሦች አንዱ በጥቂት ወረቀት ሲገባ፣ ሌላው ሦስት መሥሪያ ቤት አዙሮ ቦሌ ላይ ሊወረስ ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ስሙ ነው። ስለዚህ ከሻጩ ጋር ስለ ብር ከመነጋገር በፊት የእንስሳውን ሳይንሳዊ ስም በጽሑፍ ተቀበሉ። «ባለ መስመሩ ዓሣ» ተብሎ ፈቃድ አይጻፍም።

እዚህ የሚነጻጸሩት አራት መንገዶች ናቸው፦ ራስ ከውጭ ማስጫን፣ አዲስ አበባ ካለ ሕጋዊ አስመጪ መግዛት፣ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ እጅ ማስመጣት፣ ሀገር ውስጥ የተራባ መግዛት። በመተማም ሆነ በሌላ ኬላ ያለ ወረቀት የሚሻገረው አልተካተተም። ያ ኮንትሮባንድ ነው፤ ርካሽነቱም እስኪያዝ ድረስ ብቻ ነው።

## በምን እንለካቸው

የመጀመሪያው መለኪያ ሳይተስ ነው። ሳይተስ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠር ስምምነት ሲሆን፣ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል፤ ኢትዮጵያም በ1989 እ.ኤ.አ. አባል ሆናለች። እንስሳቱን በሦስት አባሪዎች ይከፍላቸዋል። አባሪ አንድ ላይ ያለ እንስሳ ለንግድ በመርህ ደረጃ ዝግ ነው፤ ሲፈቀድም መጀመሪያ የተቀባዩ ሀገር የማስገቢያ ፈቃድ ይወጣል፣ ከዚያ የላኪው ሀገር የመላኪያ ፈቃድ ይከተላል። አባሪ ሁለት በላኪው ሀገር ፈቃድ ይነገድበታል። አባሪ ሦስት አንድ ሀገር «ይህን እንስሳ በመጠበቅ ተባበሩኝ» ብሎ ያስመዘገበው ነው።

ሁለተኛው መለኪያ የሚያዞረው ቢሮ ብዛት ነው። የዱር እንስሳትን ጉዳይ የሚይዘው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ የሳይተስ ፈቃድም የሚሰጠው እሱ ነው። ሕጉ አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና ደንብ ቁጥር 163/2000 ነው። የጤናው መሠረት የእንስሳት በሽታን ስለመከላከልና ስለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 267/1994 ሲሆን፣ የማስገቢያ ፈቃዱና ኳራንቲኑ በግብርና ባለሥልጣን በኩል ያልፋል። ዓሣ ሲሆን የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ይጨመራል። ጉምሩክ የሁሉም መጨረሻ ነው። ከዓሣው ጋር የውኃ ተክል ካለ ደግሞ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት የሚባል ራሱን የቻለ ጣጣ አለ፤ ለሁለት ቅጠል ብሎ ይህን መጎተት አያዋጣም።

ሦስተኛው እንስሳው በጉዞ ላይ የሚቆይበት ሰዓት ነው። አራተኛው ጠቅላላ ወጪ፣ የሞቱትንም ጨምሮ።

አምስተኛው መለኪያ በተለይ የጎንደር ሰው ጉዳይ ነው፦ ቢያመልጥስ የት ይደርሳል? ቀሃና አንገረብ ወደ መገጭ ይገባሉ፤ መገጭ ጣና ይገባል። ጣና ውስጥ ደግሞ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ተነጥለው በዝግመተ ለውጥ የተለዩ፣ ሌላ ቦታ የማይገኙ ከአሥር በላይ የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ በክረምት ወደ ገባር ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። በገንዳ ውስጥ ያረጀ ዓሣ «ይኑር» ተብሎ ቀሃ ላይ ሲደፋ፣ የተደፋው ዓሣው ብቻ አይደለም፤ የተሸከመው ጥገኛ ተውሳክና ቫይረስም ነው። እምቦጭ በዓለም ዙሪያ የተዛመተው ለኩሬ ጌጥ እየተባለ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል።

## መጀመሪያ እንስሳው፣ ቀጥሎ መንገዱ

ጋፒ፣ ሞሊ፣ ፕላቲ፣ ኒዮን ቴትራ፣ ቤታ፣ ኤንጀልፊሽና ጎልድፊሽ ሳይተስ ዝርዝር ውስጥ የሉም። የጤና ምስክር ወረቀትና የማስገቢያ ፈቃድ ግን እንደ ሌላው ይጠይቃሉ። ከእነዚህ መካከል ጎልድፊሽ፣ ከእሱም ይበልጥ ኮይ፣ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ሁለቱም የካርፕ ቤተሰብ ናቸው፤ የጣና ባርበሶችም እንዲሁ። የኮይ ሄርፐስ ቫይረስና የካርፕ የጸደይ ቫይረስ የሚባሉት በሽታዎች ለዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ሪፖርት የሚደረጉ ናቸው፤ ስለዚህ ኮይ የሚገዛ ሰው እርባታው ለእነዚህ መመርመሩ በምስክር ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቅ። «ጤናማ ነው» የሚል ጥቅል ቃል አይበቃም።

አባሪ ሁለት ላይ ካሉት ዓሦች ገበያ ላይ የሚታዩት የባሕር ፈረስ (ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ)፣ አራፓይማ፣ በርከት ያሉ የደቡብ አሜሪካ የወንዝ ስቲንግሬይ ዓይነቶች እና ዜብራ ፕሌኮ ናቸው። ዜብራ ፕሌኮ የብራዚሉ ሺንጉ ወንዝ ትንሽ ጥቁርና ነጭ ዓሣ ነው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የፓናማ ጉባኤ አባሪ ሁለት ውስጥ ሲገባ፣ ከወንዝ ለተያዘው የሚፈቀደው የንግድ ኮታ ዜሮ ሆነ። እዚህ ላይ ፈቃዱ ላይ ያለችውን አንዲት ፊደል ማየት ያስፈልጋል፦ የምንጭ ኮዱ «ሲ» ከሆነ በእርባታ የተወለደ ነው፤ «ደብልዩ» ከሆነ ከዱር የተያዘ ነው። ዜብራ ፕሌኮ ላይ «ደብልዩ» ያለው ወረቀት ይዞ የመጣ ሻጭ ጋር ንግግሩ እዚያው ያብቃ። ለባሕር ውኃ ገንዳ የሚፈለገው ድንጋያማ ኮራልም አባሪ ሁለት ነው።

አባሪ አንድ ላይ ካሉት ዝነኛው የእስያ አሮዋና ነው። በሳይተስ ጽሕፈት ቤት ከተመዘገበ እርባታ የተወለደው ብቻ ይነገዳል፤ እያንዳንዱ ዓሣ ማይክሮቺፕ አለው፤ ቁጥሩም ፈቃዱ ላይ ይጻፋል። ፍተሻ ላይ በማንበቢያ ተነብቦ አንድ አኃዝ ካልገጠመ ወረቀቱ የሌላ ዓሣ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሻጩ ከማሸጉ በፊት ቺፑን ሲያነብ የሚያሳይ ቪዲዮ ያስልክ።

ከወፎች ባጂ፣ ኮካቲየልና ሮዝ ፊት ያለው ላቭበርድ ከሳይተስ ውጪ ናቸው፤ ከዚያ ያለፈ የበቀቀን ዘር ማለት ይቻላል ሁሉም ዝርዝር ውስጥ ነው። ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን ከጥር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባሪ አንድ ነው። ወፍ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፦ በላኪው ሀገር የወፍ ጉንፋን ከተነሳ ፈቃዱ ሊታገድ ይችላል፤ ስለዚህ ቀብድ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ነው። በቀቀን ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ሲታኮሲስ የሳንባ በሽታ ነው፤ ኳራንቲን የሚያስፈልገውም ለባለቤቱም ሲባል ነው።

የየብስ ኤሊ ሁሉ ቢያንስ አባሪ ሁለት ነው። ነብርማ ኤሊ ኢትዮጵያ ውስጥም በዱር ይኖራል፤ «ከውጭ የገባ ነው» የሚል ሻጭ የመላኪያ ፈቃድ ከሌለው ኤሊው ከደቡብ ወይም ከምሥራቅ ቆላ እንዳልተለቀመ ምን ማረጋገጫ አለ? ጆሮ ግንዷ ቀይ የሆነችው የውኃ ኤሊ ደግሞ በዓለም ካሉ 100 ክፉ ወራሪ ዝርያዎች አንዷ ተብላ የተመዘገበች፣ ሳልሞኔላም የምትሸከም ናት። ለጎንደር አንመክራትም።

አጥቢ እንስሳ ላይ አጭር ነን፦ ጦጣ፣ አቦ ሸማኔ፣ የዱር ድመት ለቤት አይሆኑም፤ ለግለሰብም ፈቃዱ ይገኛል ብሎ መነሳት ዘበት ነው። ትንንሾቹም ቢሆኑ ቀላል አይደሉም። በ2003 እ.ኤ.አ. ከጋና ወደ አሜሪካ የተጫኑ አይጥ መሰል እንስሳት ፕሬሪ ዶግ ከሚባሉ የቤት እንስሳት ጋር ተቀምጠው በሽታውን ስላስተላለፉባቸው፣ በስድስት ግዛቶች 47 ሰዎች በዝንጀሮ ፈንጣጣ ተይዘዋል ተብሎ ተመዝግቧል።

## ራስ ማስመጣት

ምርጫው ሰፊ ነው፤ ሸክሙም ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ነው። ቅደም ተከተሉ ሲዛነፍ ነው ነገር የሚበላሸው። ፕሮፎርማው (የሻጩ የዋጋ ማቅረቢያ) ሳይንሳዊ ስም፣ ብዛት፣ የምንጭ ኮድና የእርባታው አድራሻ ይዞ ይምጣ። በእሱ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ፈቃድ፣ ቀጥሎ የግብርና ባለሥልጣንን የማስገቢያ ፈቃድ መጠየቅ ነው። ይህ ሁለተኛው ፈቃድ ላኪው ሀገር ያለ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ምን ምን ማረጋገጥ እንዳለበት ይዘረዝራል። ፈቃዱ ለሻጩ መድረስ ያለበት የጤና ምስክር ወረቀቱ ከመጻፉ በፊት ነው። ብዙ ጭነት የሚታገደው ሻጩ በተለመደ ቅጹ አስፈርሞ ሲልክ፣ የተጠየቀው ምርመራ ሳይጠቀስ በመቅረቱ ነው።

የሳይተስ የመላኪያ ፈቃድ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ለስድስት ወር ይጸናል፤ ለአንድ ጭነት ብቻ ያገለግላል። ዋናው ወረቀት ከጭነቱ ጋር ይሂድ፤ ስካኑ ለቅድመ ምልከታ እንጂ ለመግቢያ አይሆንም። ጭነቱ በሦስተኛ ሀገር በኩል የሚያልፍ ከሆነ ከጉምሩክ ቁጥጥር ሳይወጣ ይለፍ፤ እዚያ ገብቶ እንደገና ከወጣ የዳግም መላኪያ ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል።

ትራንዚተሩ (ጉምሩክ ላይ ዕቃ የሚያስለቅቀው ወኪል) ዲክላራሲዮኑን፣ ማለትም የጉምሩክ መግለጫውን፣ በኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት ሲሞላ የታሪፍ ቁጥሩን ይጠይቁት። ለጌጥ የሚሆን የጨው አልባ ውኃ ዓሣ 0301.11፣ ሌላው ለጌጥ የሚሆን ዓሣ 0301.19፣ ተሳቢ እንስሳ 0106.20፣ የበቀቀን ዘር 0106.32 ነው። በምግብ ዓሣ ቁጥር የተሞላ ዲክላራሲዮን ሳጥኑ ሲከፈት ሌላ ጥያቄ ያመጣል።

የአየር ጭነት ሂሳብም ያሳስታል፤ ከሳጥኑ ክብደትና በግዝፈቱ ከሚሰላው ኪሎ የሚከፈለው በሚበልጠው ነው። 60 በ42 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ የፎም ሳጥን 100,800 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ግዝፈት ወደ ኪሎ በሚቀየርበት 6,000 ሲካፈል 16.8 ኪሎ። ሳጥኑ ሚዛን ላይ 12 ኪሎ ቢሆንም የሚከፈለው የ17 ኪሎ ነው። ለዚህ ነው አሥር ዓሣ በራስ ማስመጣት የማያዋጣው፤ የፈቃዱ፣ የትራንዚተሩና የፍተሻው ወጪ ለአንድ ሳጥንም ለአሥር ሳጥንም ያው ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ፍተሻው። ተቆጣጣሪው ስምና ብዛት ከወረቀት ጋር ያመሳስላል፤ የታጠፈ ክንፍ፣ ነጭ ነጠብጣብ፣ ቁስል፣ የሚያለከልክ ዓሣ ይፈልጋል። ከብዛት ጋር የሚመጣው ችግር ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። ሻጮች በመንገድ ለሚሞተው ማካካሻ እያሉ 50 ለታዘዘ 52 ወይም 53 ያሽጋሉ። ደግነት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን ሦስቱ ዓሦች የሉም፤ ያልተገለጸ ዕቃ ሆኑ ማለት ነው። ሳይተስ ላይ ያለ ዓሣ ከሆነ ጉዳዩ ይከብዳል። «ምርቃት አልፈልግም» ብለው ትዕዛዙ ላይ ያስጽፉ።

ሌላው ፌስታሉን መክፈት ነው። ዓሣ የሚታሸገው ከፌስታሉ አንድ ሦስተኛ ውኃ፣ ሁለት ሦስተኛ ንጹሕ ኦክስጅን ተደርጎ ነው፤ ከዚያ በፊትም ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይጾማል። በጉዞው ዓሣው የሚያስወጣው አሞኒያ ይጠራቀማል፤ የሚተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ውኃውን አሲዳማ ስለሚያደርገው አሞኒያው ጉዳት በማያደርስ መልኩ ይቆያል። ፌስታሉ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ አሲድነቱ ይቀንሳል፣ አሞኒያው ወደ መርዛማው ዓይነት ይለወጣል። ከሠላሳ ሰዓት ጉዞ የተረፈ ዓሣ ከፍተሻ በኋላ በደቂቃዎች የሚሞተው በዚህ ነው። ስለዚህ ፌስታሉ ያልተጻፈበት ጥርት ያለ ይሁን፣ በጋዜጣ የተጠቀለለው ጋዜጣው በቀላሉ የሚነሳ ይሁን፣ ተቆጣጣሪው በባትሪ ከውጭ እንዲያይ ትራንዚተሩ አስቀድሞ ይጠይቅ። ናሙና መከፈት ካለበት አንድ ፌስታል ይበቃል፤ የተከፈተውም በአዲስ ውኃና ኦክስጅን ወዲያው ይታሸግ።

የሚደርስበትን ቀን ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ያድርጉት። ዓርብ ማታ የደረሰ ሳጥን ፈራሚ እስኪገኝ ሰኞን ይጠብቃል፤ ዓሣው አይጠብቅም። የጥምቀት ሰሞን ደግሞ ወደ አዘዞ፣ ወደ ጎንደር አየር ማረፊያ፣ የሚመጣው በረራ በምእመንና በቱሪስት ስለሚሞላ የቀጥታ እንስሳ ጭነት ሊቆይ ይችላል።

## አዲስ አበባ ካለ አስመጪ መግዛት

ለአብዛኛው ሰው ይህ ይሻላል ባዮች ነን። ፈቃዱን፣ ፍተሻውን፣ የመጀመሪያውን ሞት የተሸከመው አስመጪው ነው፤ ለእርስዎ የሚቀረው ከቦሌ አዘዞ ያለው አጭር በረራ ነው። ግን ወረቀቱ የእሱ ነው ብሎ መተው አይቻልም። የሽያጭ ደረሰኝ፣ የዲክላራሲዮኑ ቅጂ፣ ዝርዝር ውስጥ ላለ እንስሳ ደግሞ የሳይተስ ፈቃዱ ቅጂ ከእንስሳው ጋር ይምጣ። ደረሰኙ ላይ ስሙና ቁጥሩ ይጻፍ፤ «ዓሣ፣ ልዩ ልዩ» የሚል ደረሰኝ ነገ ጥያቄ ሲመጣ ምንም አይመልስም። አስመጪውን ዓሦቹ ከገቡ ስንት ቀን እንደሆናቸውም ይጠይቁ። ትናንት የገባ ዓሣ ዛሬ መግዛት የእሱን ኳራንቲን ወደ ጎንደር ማዛወር ነው።

## በመንገደኛ እጅ

«ለራሴ ነው፣ አንዲት ናት» ማለት ከፈቃድ ነፃ አያደርግም። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ ብዙዎቹ አየር መንገዶችም ከውሻና ከድመት ውጪ ያለውን እንስሳ ከመንገደኛ ጋር አይቀበሉም። ፈቃዶቹ ቀድመው ካለቁ ለአንድ ውድ ወፍ መንገዱ ሊሠራ ይችላል። አክስት ከዱባይ ስትመጣ ኤሊ በቦርሳ ይዛ እንድትመጣ መጠየቅ ግን አክስትን ጉምሩክ ላይ ማስቀመጥ ነው።

## ሀገር ውስጥ የተራባ

ጋፒ፣ ሞሊና ጎልድፊሽ ሀገር ውስጥ ይራባሉ። የማስገቢያ ፈቃድ የለም፣ ጉዞው አጭር ነው፣ ዓሣውም የደጋ ውኃ የለመደ ነው። ምርጫው ጠባብ ነው፤ የቅርብ ዘመድ እርስ በርሱ ስለሚዳቀል የጎበጠ ጀርባ ያለው ጋፒ ማየት የተለመደ ነው። ለሆቴል ደግሞ አንድ ሐሳብ እንጨምር፦ ጎርጎራን አይቶ የሚመጣ እንግዳ የሲንጋፖር አሮዋና ከሚያይ፣ ከክልሉ የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ፈቃድ የተገኘለት የጣና ቆሮሶ ቢያይ ይሻለዋል። ትልቅ ገንዳ ይጠይቃል፤ ማሞቂያው ላይ ግን ያን ያህል አይጎትትም።

| መለኪያ | ራስ ማስመጣት | ከአዲስ አበባ አስመጪ | በመንገደኛ እጅ | ሀገር ውስጥ የተራባ |
|---|---|---|---|---|
| ፈቃድ የሚያወጣው | እርስዎ | አስመጪው | እርስዎ፣ ቀድሞ | አያስፈልግም |
| በፌስታል የሚቆይበት | ከአንድ ቀን በላይ | ጥቂት ሰዓት | ከአንድ ቀን በላይ | ጥቂት ሰዓት |
| ምርጫ | በጣም ሰፊ | መካከለኛ | አንድ ሁለት እንስሳ | ጠባብ |
| ወጪ | ከፍተኛ፤ በብዛት ሲሆን ይቀላል | መካከለኛ | ቀላል ይመስላል፤ ቢወረስ ሁሉም ይጠፋል | ዝቅተኛ |
| ዋናው አደጋ | የወረቀት አለመግጠም | ደረሰኝ አልባ ሽያጭ | መወረስ | የደከመ ዘር |
| ለአባሪ አንድ እንስሳ | ይቻላል፣ ረጅም ነው | ወረቀቱ ካለ | አይመከርም | የእርባታ ማስረጃ ካለ ብቻ |

## ለማን የቱ

በጀቱ ትንሽ ለሆነ፣ ለልጆች ገንዳ ለሚያስቀምጥ ቤተሰብ፦ ሀገር ውስጥ የተራባ ጋፒ ወይም ጎልድፊሽ። የተረፈው ብር ማሞቂያና ባትሪ ያለው የአየር ፓምፕ ይግዛ፤ ጎንደር ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ መብራትም ይጠፋል። ጎልድፊሽ ማሞቂያ አይፈልግም። ለጋፒ ግን ለአንድ ሊትር አንድ ዋት አስቡ፤ የገንዳው ጀርባና ጎን በፎም ቢሸፈን ሙቀቱ ይቆያል።

መካከለኛ በጀት ላለው ሆቴል ወይም ካፌ፦ ከአዲስ አበባ አስመጪ፣ ሳይተስ ውስጥ የሌለ፣ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ የሚኖር ዓሣ። የከፍታው ነገር ይታሰብ። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር በላይ ናት፤ በ25 ዲግሪ ሙቀት ውኃ ባሕር ወለል ላይ በሊትር ወደ 8.2 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ የሚይዘው ወደ 6.4 ነው። በመጽሐፍ ቁጥር 40 ዓሣ ይችላል የተባለ ገንዳ እዚህ 30 ይበቃዋል።

ሱቅ ከፍቶ ለሚነግድ፦ ራስ ማስመጣት፣ ያውም ከአሥር ሳጥን ባላነሰ። ሻጩ ያለበት ቦታ ከባሕር ወለል ብዙ የማይርቅ ጠረፍ ከሆነ ፌስታሉን ግጥም አድርጎ እንዳይነፋው ይነገረው፤ አውሮፕላን ውስጥም ጎንደር ላይም አየሩ ሳስቶ ፌስታሉ ስለሚወጠር ስፌቱ ይተፋል።

አሮዋናም ሆነ ግራጫ በቀቀን ካልሆነ ለሚል፦ ወራት ይያዙ፤ እንስሳው ሳይገዛ ፈቃዱ ይቅደም።

## አዘዞ ከደረሰ በኋላ

ሳጥኑ በደብዛዛ ብርሃን ይከፈት። ጉዞው አጭር ከነበረ ፌስታሉን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ገንዳው ላይ አንሳፍፎ ሙቀት ማመሳሰል ይበቃል። ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ውኃ እያንጠባጠቡ ማለማመድ ከላይ በተባለው አሞኒያ ምክንያት ይጎዳዋል፤ ሙቀቱ እንደተመሳሰለ ዓሣውን በመረብ አውጥቶ ማስገባት ነው። የፌስታሉ ውኃ ገንዳ ውስጥም ቦይ ውስጥም አይደፋ፤ ለ10 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር በረኪና ጨምሮ አንድ ሰዓት ካቆዩ በኋላ ሽንት ቤት ይደፋ።

ከዚያ 30 ቀን በተለየ ገንዳ ይቀመጥ፤ ከ60 እስከ 80 ሊትር፣ የስፖንጅ ማጣሪያ፣ የራሱ መረብ፣ የራሱ ባልዲ። ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው ጥገኛ በ25 ዲግሪ ዑደቱን ለመጨረስ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ በሁለት ቀን «ደህና ነው» ብሎ መቀላቀል ከንቱ ነው። የሞተ ካለ በበረዶ ላይ፣ ሳይደርቅ፣ ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ ከተማው ውስጥ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ሳይንስ ኮሌጅ አለ። ሻጩ ካሳ እንዲከፍል የሚፈልግ ሰው የሞተውን ፌስታሉ ሳይከፈት ፎቶ ያንሳው፤ ከተከፈተ በኋላ የተነሳ ፎቶ ብዙ ሻጭ አይቀበልም።

ቀድሞ ያለ ወረቀት የገባ ኤሊ ወይም በቀቀን ቤቱ ያለ ሰው እንስሳውን አውጥቶ መልቀቅም መሸጥም የለበትም። ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ማሳወቅ ይቻላል፤ የተወረሱ የዱር እንስሳት የሚጠለሉበት እንደ እንሰሳ ኮቴ ያለ ማዕከል በሆለታ አቅራቢያ አለ። እስኪወሰድ ድረስ ከዶሮና ከሌላ እንስሳ ተለይቶ ይቀመጥ፤ የሚያጸዳው ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ የበቀቀን ጎጆ ሲጠርግም አቧራው እንዳይነሳ ውኃ ይርጭበት።